ድስቱ ውስጥ ያለው ግርግር
ውሃ ሲሞቅ በውስጡ የሚሆነውን ማወቅ ወጪ ይቀንሳል፤ ልጆችንም ከቃጠሎ ይጠብቃል

ውሃ ሳይፈላበት የሚውል ቤት የለም። ጠዋት ለሻይ፣ ቀን ለወጥ፣ ከሰዓት ለቡና፣ ማታ ለልጆች ገላ እያልን እንጥዳለን። ለመሆኑ ውሃው ከፈላ በኋላ እሳቱን ቢጨምሩለት የበለጠ ይሞቃል? ብዙዎቻችን ያለማመንታት «እንዴታ!» እንላለን። እንግዳ ደርሶ ወጡ ሲዘገይማ እጃችን በቀጥታ ወደ ምድጃው መቆጣጠሪያ ነው የሚሄደው።

መልሱ ግን «አይሞቅም» ነው። ክፍት ድስት ውስጥ የሚንፈቀፈቅ ውሃ እሳቱ ቢጋጋምም ባይጋጋምም የሙቀት መጠኑ ያው ነው። የሚጨምረው የእንፋሎቱ ብዛትና የወሩ መጨረሻ ላይ የሚከፍሉት ሂሳብ ብቻ ነው።

ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ወደ ውሃው ውስጥ፣ በዓይን ወደማይታዩት ሞለኪውሎች መውረድ ያስፈልጋል። የኬሚስትሪ ክፍል ትዝ ብሎዎት ገጹን እንዳይገልጡት! እኔም የተማርኩት ንግድ ሥራ ነው፤ ጉዳዩ ግን ከቤት ወጪ፣ ከምግብ አበሳሰልና ከልጆች ደኅንነት ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው።

በአንድ የሻይ ማንኪያ ውስጥ

እያንዳንዱ የውሃ ሞለኪውል ከሁለት ሃይድሮጅንና ከአንድ ኦክስጅን አቶሞች የተገጣጠመ ነው። ንጹሕ ውሃ ሲባል በሳይንሱ ቋንቋ ከእነዚህ ሞለኪውሎች በስተቀር ምንም ነገር የሌለበት ማለት ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር፣ ስንት ሞለኪውል ይይዛል? 167 ብለው ይጻፉና ከኋላው 21 ዜሮ ይደርድሩ።

ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ አንድ ብርጭቆ ውሃ ሲያዩት እርግት ያለ ነው። በውስጡ ግን ዕረፍት የለም። በበዓል ዋዜማ መርካቶን ያስቡ። ሰዉ ትከሻ ለትከሻ ተገጣጥሞ ይጋፋል፤ ይዞራል፤ አንዱን አልፎ ከሌላው ጋር ይጋጫል፤ ነገር ግን ከግርግሩ መውጣት አይችልም። የውሃ ሞለኪውሎችም እንደዚያው ናቸው። የአንዱ ሞለኪውል የሃይድሮጅን ጎን የጎረቤቱን የኦክስጅን ጎን ይስባል። ስለዚህ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ሰዎች ይያያዛሉ፤ ወዲያው ይላቀቃሉ፤ መልሰው ሌላውን ይይዛሉ። ይህ መያያዝና መላቀቅ የሚከናወነው ከአንድ ሴኮንድ ትሪሊየንኛ ክፍል ጋር በሚቀራረብ ጊዜ ውስጥ ነው።

ሙቀት የምንለው ነገር የዚህ ግርግር መለኪያ ነው። ውሃው ሲሞቅ ሞለኪውሎቹ በአማካይ ይፈጥናሉ፤ ሲቀዘቅዝ ይዘገያሉ። ይህን ሰው የተረዳው በአንድ ቀን አይደለም። በ1827 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሮበርት ብራውን የተባለው የስኮትላንድ ዕፅዋት ተመራማሪ ከአበባ ብናኝ የወጡ ጥቃቅን ነገሮች ውሃ ውስጥ ያለማቋረጥ ሲንቀጠቀጡ በማጉያ መነጽር ተመለከተ። በ1905 አልበርት አንስታይን ብናኙን ወዲያና ወዲህ የሚገፉት የማይታዩት የውሃ ሞለኪውሎች መሆናቸውን በስሌት አሳየ። ፈረንሳዊው ዣን ፔራን ደግሞ ይህንኑ በሙከራ አረጋግጦ በ1926 የኖቤል ሽልማት አገኘበት።

የሚገርመው የፍጥነቱ ልዩነት ትንሽነት ነው። ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነስቶ 100 ዲግሪ ሲደርስ የሞለኪውሎቹ አማካይ ፍጥነት የሚጨምረው 13 በመቶ ያህል ብቻ ነው። እጅ በሚታጠቡበት ውሃና ቆዳ በሚልጥ ውሃ መካከል ያለው ልዩነት ይህችው ናት!

ልዩነቷን ለልጆችዎ ማሳየት ቀላል ነው። በሁለት ብርጭቆ ውስጥ ቀዝቃዛና ሞቅ ያለ ውሃ ይቅዱ፤ ውሃው እጅ የሚያቃጥል አይሁን። በሁለቱም ላይ እኩል ከርከዴ ይጨምሩና ሳያማስሉ ይተዉት። በሞቀው ውሃ ውስጥ ቀይ ቀለሙ ቶሎ ወጥቶ ይሰራጫል፤ በቀዝቃዛው ውስጥ ደግሞ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ማንኪያ ያላስገባበትን ያማሰለው ማን ነው? ብለው ይጠይቋቸው።

ልብስ ሳይፈላ ለምን ይደርቃል?

ውሃ ወደ እንፋሎት የሚቀየረው ሲፈላ ብቻ ቢሆን ኖሮ ገመድ ላይ ያሰጣነው ልብስ አይደርቅም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ሞለኪውሎች ሁሉ እኩል አይፈጥኑም፤ በማንኛውም ሙቀት ከሌሎቹ በጣም የሚፈጥኑ አሉ። ከእነዚህ መካከል ላይኛው ገጽ ላይ የተገኙት ጎረቤቶቻቸውን አስለቅቀው ወደ አየር ይወጣሉ። ትነት የምንለው ይህንን ነው።

ፈጣኖቹ ሲወጡ የሚቀሩት ዘገምተኞቹ ናቸው፤ ስለዚህ የቀረው ውሃ ይቀዘቅዛል። ላብ ሰውነታችንን የሚያቀዘቅዘው በዚህ ምክንያት ነው። አያቶቻችን ማቀዝቀዣ ሳይኖራቸው ቀዝቃዛ ውሃ ይጠጡ የነበሩትም በዚሁ ነው። የሸክላ እንስራ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ውሃው በጥቂቱ ወደ ውጭ ገጹ ይወጣና ይተናል፤ ሲተን ከእንስራው ውስጥ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። የፕላስቲክ ጀሪካን ውሃ የማያሳልፍ ስለሆነ ይህን ሊያደርግ አይችልም።

ገላውን ታጥቦ የወጣ ሕፃን ክፍሉ ሞቃት ሆኖ እያለ የሚንቀጠቀጠውም ለዚህ ነው። ቆዳው ላይ የቀረው ውሃ በሚተንበት ጊዜ ሙቀቱን ይወስድበታል። ፎጣው አስቀድሞ እጅዎ ላይ ይሁን።

መፍላት ማለት ምን ማለት ነው?

ድስት ሲጥዱ መጀመሪያ የሚያዩአቸው ትንንሽ አረፋዎች የመፍላት ምልክት አይደሉም። ውሃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረ አየር ሲሞቅ እየወጣ ነው። ቀጥሎ ድስቱ ወይም ማንቆርቆሪያው ማፏጨት ይጀምራል። ይህ ድምፅ ከሥር የተፈጠሩ የእንፋሎት አረፋዎች ወደ ላይ ሲወጡ ገና ያልሞቀ ውሃ አግኝተው ሲሟሽሹ የሚሰማ ነው። በመጨረሻ አረፋዎቹ ሳይሟሽሹ ላይ ደርሰው ይፈነዳሉ። ያኔ ውሃው ፈላ እንላለን።

አንድ አረፋ ሳይሟሽሽ መቆየት የሚችለው በውስጡ ያለው የእንፋሎት ግፊት ከላይ ከሚጫነው የአየር ግፊት ጋር ሲመጣጠን ነው። ስለዚህ ውሃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ የሚወስነው የአየሩ ክብደት ነው፤ ምድጃዎ በጉዳዩ ላይ ድምፅ የለውም። ከዚያ ነጥብ በኋላ የሚጨምሩት እሳት ሁሉ ሞለኪውሎቹን ከጎረቤቶቻቸው ለማላቀቅ ይውላል። የተላቀቁት በእንፋሎት መልክ ይወጣሉ፤ የቀሩት ግን ከቅድሙ አይፈጥኑም። «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ሂሳቡን እንመልከት። አንድ ሊትር ውሃ አዲስ አበባ ላይ ከ20 ዲግሪ ተነስቶ እስኪፈላ 300 ኪሎ ጁል ያህል ኃይል ይፈልጋል። ያው አንድ ሊትር ተንኖ እንዲያልቅ ግን ከ2,200 ኪሎ ጁል በላይ ይወስዳል፤ ከሰባት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ባቄላው እስኪበስል ብለው እሳቱን አጋግለው ግማሽ ሊትር ውሃ ቢያተንኑ፣ በዚያ ኃይል ከ3 ሊትር ተኩል በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍላት ይችሉ ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው። ውሃው እስኪፈላ ክዳኑን ገጥመው በኃይለኛ እሳት ያፍሉት፤ ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሰው ቀስ እያለ ይንተክተክ። ሽሮው የሚበስልበት ሙቀት ያው ነው፤ የሚቀንሰው ወጪው ነው።

የአዲስ አበባ ውሃ በ92 ይፈላል

ትምህርት ቤት ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ተብለን ተምረናል። ይህ እውነት የሚሆነው በባሕር ወለል ላይ ነው። ከፍ ወዳለ ቦታ በወጡ ቁጥር ከላይ የሚጫነው አየር እየሳሳ ስለሚሄድ አረፋዎቹ በቀላሉ ይፈጠራሉ። በግምት በየ300 ሜትሩ ከፍታ የመፍያው ነጥብ በአንድ ዲግሪ ይወርዳል።

ጅቡቲ ወደብ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ድሬዳዋ ላይ ወደ 96 ይወርዳል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች 92 አካባቢ ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከ91 በታች ነው። በሌላ በኩል ከባሕር ወለል በታች ባለው በዳሎል ከ100 በጥቂቱ ያልፋል።

ስምንት ዲግሪ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ምግብ የሚበስለው ግን በሞለኪውሎች ግጭት ነው፤ ግጭቱ ሲቀዘቅዝ ጊዜው ይረዝማል። ሽንብራ፣ ባቄላና የበሬ ሥጋ በደጋ ከቆላ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚወስዱት እህሉ ወይም ሥጋው ስለከፋ ብቻ አይደለም።

የምሠራው ገበያ ልማት ላይ ስለሆነ የምርት ማሸጊያ ሳነብ ዓይኔ ከሌላው ሰው ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ከውጭ የገባ ፓስታ ላይ «8 ደቂቃ ይቀቀል» የሚለው ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ውሃቸው በ100 ዲግሪ አካባቢ ለሚፈላላቸው ሰዎች የተጻፈ ነው። የእርስዎ ፓስታ በ8 ደቂቃ ካልለሰለሰ ጥፋቱ የእጅዎ አይደለም። ጥቂት ደቂቃ ጨምረው ይቅመሱት።

ፕሬዠር ኩከር የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው። ክዳኑ እንፋሎቱን አፍኖ ስለሚይዝ ግፊቱ ይጨምራል፤ የመፍያ ነጥቡም ይወጣል። በባሕር ወለል ላይ አንድ ተጨማሪ የከባቢ አየር ግፊት ሲጨመር ውሃው 120 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ አዲስ አበባ ላይ ከዚያ ትንሽ ያነሰ ቢሆንም ከ110 በደንብ ይበልጣል። የዚህ ድስት ቅድመ አያት በ1679 ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፓን የሠራው ነው። ቤትዎ ባቄላና ሥጋ ዘወትር የሚቀቀልበት ከሆነ የሚከፍሉለት ገንዘብ በማገዶ ይመለሳል።

ጨው ውሃውን የበለጠ እንደሚያሞቅ የሰሙ ከሆነ፣ ነገሩ እውነት ቢሆንም ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። በአንድ ሊትር ውሃ 10 ግራም ጨው ቢጨምሩ የመፍያ ነጥቡ ከአንድ ዲግሪ አምስተኛ እንኳ ያነሰ ነው የሚጨምረው። ጨውን ለጣዕሙ ይጨምሩ።

ለቡና ወዳጆች ደግሞ መልካም ዜና አለ። በማጣሪያ ቡና የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች በአብዛኛው የሚመክሩት የውሃ ሙቀት ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ነው። የአዲስ አበባ ውሃ ያለ ቴርሞሜትር እዚያው መሃል ላይ ይፈላል።

የሚጠጣ ውሃ ሲያፈሉ

«92 ዲግሪ ከሆነ ጀርሙን ይገድለዋል?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ይገድለዋል። ወተት ፓስቸራይዝ የሚደረገው በ72 ዲግሪ ለ15 ሴኮንድ ነው። ሆኖም ከፍ ባለ ቦታ የሚፈላው ውሃ ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ ትንሽ ጊዜ መጨመር ይገባል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ውሃው በደንብ ከተንፈቀፈቀ በኋላ ለ1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር ገደማ በላይ ባሉ ቦታዎች ደግሞ ለ3 ደቂቃ እንዲቆይ ይመክራል። አዲስ አበባ የምትገባው በሁለተኛው ውስጥ ነው። ከዚያ በላይ ማፍላት ማገዶ መጨረስ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ከድስቱ የሚወጡት የውሃ ሞለኪውሎች ናቸው፤ የሟሙ ማዕድናት እዚያው ይቀራሉ። ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ምስክር ነው። ስለዚህ በስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች በከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ በብዛት የሚገኘውን ፍሎራይድ ማፍላት አያስወግደውም፤ ውሃው ሲቀንስ ክምችቱ ይጨምራል እንጂ። በዚህ አካባቢ ዘመድ ካለዎት ይህን ይንገሯቸው።

እንፋሎት፦ የማይታየው አደጋ

እስካሁን ያወራነው ስለ ወጪ ነበር። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ይህ ክፍል ነው።

እያንዳንዱ ሞለኪውል ከድስቱ ለመውጣት ብዙ ኃይል እንደተሸከመ አይተናል። ያ ኃይል አይጠፋም። እንፋሎቱ የሰው ቆዳ ሲነካ መልሶ ውሃ ይሆንና የተሸከመውን ሁሉ በቅጽበት እዚያው ያራግፋል። በተመሳሳይ ሙቀት ላይ ያለ የአንድ ግራም እንፋሎት ቃጠሎ ከአንድ ግራም የፈላ ውሃ እጅግ የሚከፋው ለዚህ ነው። በዓይን የምናየው ነጭ ጉም ቀዝቅዞ ጠብታ መሆን የጀመረው ነው፤ ከማንቆርቆሪያው አፍ አጠገብ ያለው እውነተኛው እንፋሎት አይታይም። ልጆች እጃቸውን የሚሰዱት ደግሞ ባዶ ወደሚመስለው ቦታ ነው።

ልጅ ጉንፋን ሲይዘው በፈላ ውሃና በባሕር ዛፍ ቅጠል ማጠን በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ሐኪሞች ለሕፃናት ይህን አይመክሩም። ብርድ ልብስ የተከናነበ ልጅ አንዴ ሲወራጭ ሳህኑ ጭኑ ላይ ይደፋል።

ማይክሮዌቭ የሚጠቀሙ ከሆነ ሌላ የሚያስጠነቅቅ ነገር አለ። አረፋ ለመፈጠር መነሻ ቦታ ይፈልጋል፤ የድስቱ ጭረት ወይም በውሃው ውስጥ ያለ አየር ይህን ይሰጠዋል። ንጹሕ ውሃ ለስላሳ በሆነ አዲስ ብርጭቆ ውስጥ ሲሞቅ ግን መነሻ ያጣና ከመፍያ ነጥቡ አልፎ እርግት ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። ማንኪያ ወይም ስኳር ሲገባበት ሁሉም በአንድ ጊዜ ገንፍሎ ፊት ላይ ይረጫል። ስለዚህ ከማሞቅዎ በፊት የእንጨት ማንኪያ ያስገቡበት፤ ከመጠን በላይ አያሙቁት፤ ካቆመ በኋላም ጥቂት ጠብቀው ያውጡት።

ገላ ሲያጥቡ ሳፋው ውስጥ መጀመሪያ ቀዝቃዛውን፣ ከዚያ ሙቁን ያድርጉ። 60 ዲግሪ የሆነ ውሃ የአዋቂን ቆዳ እንኳ በ5 ሴኮንድ ገደማ ክፉኛ ያቃጥላል፤ የልጅ ቆዳ ስስ ስለሆነ ከዚያም ይፈጥናል። ቦይለርዎን 50 ዲግሪ ላይ ማድረግ አስተማማኝ ነው።

ቃጠሎ ከደረሰ የተቃጠለውን ቦታ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያቆዩት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከሆኑ ከበርሜል በጆግ እየቀዱ ያፍስሱበት። በረዶ አይጠቀሙ። ቅቤ፣ ዘይት፣ እንቁላል ወይም የጥርስ ሳሙና አይቀቡ፤ ሙቀቱን አፍነው ቁስሉን ያባብሱታል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ማቀዝቀዣው ላይ የሚለጠፍ ማስታወሻ

• እስኪፈላ ክዳን ይግጠሙ፤ ከፈላ በኋላ እሳቱን ይቀንሱ።
• የሚያስፈልግዎትን ያህል ውሃ ብቻ ይጣዱ፤ የተረፈውን የፈላ ውሃ ፔርሙስ ውስጥ ያድርጉት።
• ባቄላና ሽንብራ ከዋዜማው ይዘፍዝፉ።
• የሚጠጣ ውሃ አዲስ አበባ ላይ ከፈላ በኋላ ለ3 ደቂቃ ያቆዩት።
• የድስት ክዳን ሲከፍቱ የሩቁን ጠርዝ አስቀድመው ያንሱ፤ እንፋሎቱ ወደ ፊትዎ ሳይሆን ወደዚያ ይውጣ።
• የድስትና የመጥበሻ እጀታ ወደ ግድግዳው ይዙር።
• ፕሬዠር ኩከር እንፋሎቱን ጨርሶ ሳያወጣ በጉልበት አይክፈቱ።
• የፈላ ውሃ ይዘው ሲሄዱ ልጅ በሌላ ክንድዎ አይያዙ።

ዛሬ ማታ ውሃው መንፈቅፈቅ ሲጀምር እሳቱን ይቀንሱና በጥሞና ይመልከቱት። አረፋው ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ግን አንድ ዲግሪ እንኳ አይወርድም። አጠገብዎ ልጅ ካለ ምክንያቱን ይንገሩት፤ ከድስቱ ግን ሁለት እርምጃ ራቅ አድርገው ያቁሙት።